የክትክታ አጥር በሃና

ስለ አጥር መጻፍ ለመጽሔት የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። እኔም ብሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አጥር አንድ ገጽ ጻፍ ብባል ከየት ጀምሬ የት እንደማደርሰው አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን አንድ መቶ ሃያ ሜትር ርዝመት ያለው ሕያው አጥር ከዘሩ አንሥቼ ያሳደግሁ፣ በእርሱም ምክንያት የተመሰገንሁና ከደመወዜም የተቆረጠብኝ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ያየሁትን ባወራ ድፍረት አይሆንብኝም።

ሃና በደቡብ ኦሞ ዞን የሰላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ ወደ እርሷ የሚሄድ መንገደኛ ከከፍታው ቁልቁል ወርዶ፣ የማጎን ወንዝ ተሻግሮ፣ የሙርሲዎችን አገር አቋርጦ ይደርሳል። በዙሪያዋ ቦዲዎች፣ ሙርሲዎች፣ ዲሜዎችና ባጫዎች ይኖራሉ፤ ከኮንሶ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎችም ብዙዎች ናቸው። አገሩ ቆላ ነው። ቦዲና ሙርሲ ማሽላ ቢያመርቱም ልባቸው ያለው ከከብታቸው ዘንድ ስለ ሆነ፣ በሃና ስለ አጥር የሚናገር ሰው ወደደም ጠላም ስለ ከብት መናገሩ አይቀርም።

እኔ በ2014 ዓ.ም. ወደዚህ የመጣሁት የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ነው። መዝገቡን ተረክቤ ቅጠል በቅጠል ስመረምር አንድ ነገር አስገረመኝ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የብረት ሣጥኑ ሁሉ ከዓመት ወደ ዓመት እያረጀ ሲመዘገብ፣ በየዓመቱ አዲስ ሆኖ የሚመዘገበው ንብረት አጥሩ ብቻ ነበረ። ምክንያቱን ለማወቅ ከግቢው መውጣት አላስፈለገኝም። አጥሩ ከግራር ቅርንጫፍ የተከመረ እሾህ ሲሆን፣ የሚደግፉትን እንጨቶች ምስጥ ከሥራቸው ይበላቸዋል። በጥቅምት የታጠረው በሚቀጥለው ጥቅምት ዱቄት ይሆናል። ያን ጊዜ እንደ ገና ሰው ተቀጥሮ፣ እንደ ገና ግራር ተቆርጦ፣ እንደ ገና ይታጠራል። ስንት ግራር በዚህ ዓይነት እንዳለቀ መዝገቡ አይናገርም፤ የሚናገረው የወጣውን ገንዘብ ብቻ ነው።

ኃላፊያችን ይህን ነገር ሊያስቀሩት ቆርጠው ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ግቢያችን የመንግሥት ግቢ ይምሰል እንጂ የከብት በረት አይምሰል። ቀጥ ያለ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ በመቀስ የተስተካከለ አጥር እፈልጋለሁ። በአዲስ አበባ በየኤምባሲው ደጃፍ አይተህ የለም ወይ?» አሉኝ። አይቻለሁ አልኋቸው። አሳቡን ዛሬም አልነቅፈውም፤ የሞተ እንጨት በሕያው ተክል መተካት የሚያስመሰግን ነገር ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቴም አንድ ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው የቀን መቍጠሪያ ስሕተት ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሸዋ ደጋ ነው። ለእኔ ክረምት ማለት ሰኔ ግም ሲል የሚጀምር፣ ሐምሌና ነሐሴን ጨለማ አልብሶ መስከረም ሲጠባ የሚያበቃ ወቅት ነው። ችግኝ የሚተከለውም በሐምሌ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነት የማይጋራ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገራችን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ የተገለጸ ጊዜ እኛም በያለንበት ጉድጓድ ቈፍረናልና። ስለዚህ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከጂንካ ሦስት መቶ የፈረንጅ ጥድ ችግኝ በመኪና አስመጥቼ በሃና አስተከልሁ።

በሃና ግን ሐምሌ ክረምት አይደለም። የደቡብ ኦሞ ቆላ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ትንሹ ዝናብ የሚመጣው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት፣ እኔ ጃንጥላዬን ሰቅዬ የምጠብቃቸው ሐምሌና ነሐሴ፣ ደረቆች ናቸው። የኦሞ ወንዝ በዚህ ወቅት ይሞላ የነበረው በእኛ ዝናብ ሳይሆን ራቅ ብሎ በደጋ በሚጥለው ዝናብ ነበር፤ የወንዙ ዳር ሰዎችም ውኃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ኃይል ማመንጨት ከጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም። ይህን ሁሉ የተማርሁት ጥዶቹ ከሞቱ በኋላ ነው። ዘበኛችን ጧትና ማታ በጀሪካን ውኃ ቢያመላልሱም፣ ጥዱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በመጨረሻም እንደ መጥረጊያ ደርቆ ቀረ። ከሦስት መቶው ለመስቀል የደረሱት አራት ነበሩ፤ እነርሱንም ፍየል በላቸው።

ሁለተኛውን ስሕተት ልሠራ ስል ነው የተመለስሁት። ታናሽ እኅቴ በለንደን ትኖራለች። የጥዶቹን ነገር በስልክ አጫውቻት ስለ ነበር፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ለጥምቀት በዓል ወደ አገር ቤት ስትመጣ በትንሽ ፖስታ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ይዛልኝ መጣች። «ወንድምዓለም፣ ይህ በእኛ ሰፈር ያለው አጥር ዘር ነው። ብርድም፣ ጢስም፣ መቀስም አይገድለውም፤» አለችኝ። ስሙም ፕሪቬት መሆኑን ነገረችኝ።

ፕሪቬት እንግሊዞች በየቤታቸው ደጃፍ የሚተክሉት፣ ቅጠሉ ትንንሽና አንጸባራቂ የሆነ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ቍጥቋጦ ነው፤ ብርዱ እጅግ ሲጸና ብቻ ቅጠሉን በከፊል ያራግፋል። በከተሞቻቸው የሚበዛው ዓይነት ከጃፓን የመጣ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት ከወይራና ከጠምበለል ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ስለሚመድቡት፣ ከእኛ አገር ተክሎች ጋር ዝምድና የለውም አይባልም። የድንጋይ ከሰል ጢስ ሌላውን ተክል ያጠወልግ በነበረበት ዘመን እርሱ ችሎ በመኖሩ የከተማ ሰዎች ወደዱት። እስከ ጉቶው ቢቈርጡት እንኳ መልሶ ያቈጠቍጣል። ዳሩ ግን አንድ ጠባይ አለው። በየጊዜው የሚከረከም አጥር ብዙም አያብብም፤ ካላበበም አያፈራም። እኅቴ ፍሬውን ያገኘችው ባለቤቱ መከርከም ከተወው ከአንድ ጎረቤት አጥር ነበረ። ያን ጊዜ ይህን ነገር አላስተዋልሁትም። ፖስታውን በጠረጴዛዬ መሳቢያ አስቀምጬ፣ ለመዝራት የሚመቸውን ጊዜ እጠብቅ ጀመር።

በግንቦት ወር ለአንድ ሥልጠና ወደ አዋሽ ሸለቆ ተላክሁ። ከመኪናው መስኮት ሆኜ የመንገዱን ግራና ቀኝ ስመለከት፣ እስከ ዓይኔ መድረሻ ድረስ አንድ ዓይነት አረንጓዴ እሾሃም ዛፍ ብቻ ይታየኛል። ደስ ብሎኝ፣ «አፋር እንደዚህ ለምለም ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የአገሩ ሰው ሳቅም ቍጣም ባልሆነ ድምፅ፣ «ለምለምስ ነው፤ ከብታችን ግን የሚግጠው ሣር አጥቷል፤» አሉኝ። ዛፉ ፕሮሶፒስ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ተተከለ። ከብቶችና የዱር እንስሳት ጣፋጩን የዘር ከረጢት እየበሉ ዘሩን ከእበታቸው ጋር በየሜዳው በተኑት። ዛሬ በአፋር ክልል የያዘው ስፋት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን አጥኚዎች ገምተዋል። አፋሮች «የደርግ ዛፍ» ይሉታል፤ ሌሎችም «ወያኔ» ብለውታል። ሰው ክፉ ተክል ሲያጋጥመው በመንግሥት ስም መጥራቱ ለእኔ ለመንግሥት ሠራተኛው ጆሮ የሚጥም አልነበረም፤ ነገር ግን ምክንያት የለውም ለማለት አልቻልሁም።

ከሥልጠናው ስመለስ ጂንካ አድሬ ስለ ፕሪቬት በእጅ ስልኬ አነብ ጀመር። ያነበብሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የቻይናው ፕሪቬት በ19ኛው መቶ ዓመት ለአጥርና ለጌጥ ወደ አሜሪካ ገብቶ ነበር፤ ዛሬ በደቡባዊ ግዛቶች በደኑ ሥር ገብቶ አገር በቀሉን ቡቃያ ያፍናል። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድም በአረምነት ከተፈረጀ ቈይቷል። ዘሩን የሚያጓጕዙት ወፎች ናቸው። ጥቁሩ ፍሬ ሰውን ይመርዛል፤ ቅጠሉም ፈረስና ከብት መግደሉ ተጽፏል። በእኛ አገር ደግሞ የወፍ ቆሎ የምንለው ተክል ታሪኩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ ለአበባውና ለአጥርነቱ ተተከለ፤ ከዚያ ወፎች ፍሬውን እየለቀሙ ከአጥሩ አስወጡት፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት ጠላት ሆኖ ቀረ። እኔም በመሳቢያዬ የቈለፍሁት ፖስታ ምን እንደ ሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። ሃና በኦሞና በማጎ ብሔራዊ ፓርኮች አካባቢ ያለች ከተማ ናት። እኔ እስካለሁ ድረስ አጥሩን እከረክም ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ይዛወራል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው መቀሱን ቢሰቅለውስ? ወፎቹ የዝውውር ደብዳቤ አይጠብቁም።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እንኳ ፖስታውን ወዲያው አላጠፋሁትም። እኅቴ ከባሕር ማዶ ያመጣችው ስጦታ ነው፤ ኃላፊያችንም በየሳምንቱ «አጥሩ ከምን ደረሰ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ነገሩን ለዘበኛችን አጫወትኋቸው። እኒህ ሰው የዲሜ ተወላጅ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው የተመጠነ አዛውንት ናቸው።

«ልጄ፣ ከጂንካ የመጣው ሦስት ወር አልኖረም፤ ከእንግሊዝ የመጣው ይኖራል ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ሳይኖር አይቀርም አባባ፤ የሚያስፈራኝስ ከልክ በላይ መኖሩ ነው፤» ብዬ መለስሁላቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና የተደገፉበትን በትር አንሥተው፣ «ይህን ታውቀዋለህ?» አሉ።

እንዴት አላውቀው! ክትክታ ነበር። የኔ ዘመን ተማሪ ክትክታን ያወቀው በቅጠሉ ወይም በአበባው ሳይሆን በመዳፉ ነው። መምህራችን ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ ያቆሙት የነበረው ያው ቀጥ ያለና ጠንካራ በትር መሆኑን ሳስታውስ እጄን ወደ ኋላዬ መደበቄን ልብ ብለው ሳቁ። አጥር ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ ግን ከቶ ደርሶብኝ አያውቅም ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚለውን እየደጋገምሁ ሳድግ፣ ሰርዶውን ፍለጋ ለንደን መድረሴ አሳፈረኝ።

ክትክታ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቍጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ጠባብና ረዘም ያለ ሆኖ እንደ ተወለወለ ያብለጨልጫል፤ ሲነኩት በሙጫው ምክንያት እጅ ላይ ይጣበቃል። በአገራችን ከቆላ እስከ ደጋ፣ ይልቁንም ደን በተመነጠረበትና አፈሩ በተሸረሸረበት ተዳፋት ላይ ይበቅላል። በመላው ዓለም ሞቃት አገሮችም ይገኛል። በአውስትራሊያ የሰፈሩት ፈረንጆች ፍሬውን ለቢራ መጥመቂያ፣ ማለት እኛ ጌሾን እንደምናደርገው፣ አድርገውት እንደ ነበር ተጽፏል። ከፕሪቬት የሚያንስበት ነገር መኖሩን አልደብቅም፤ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ፖስታውን አውጥቼ ከሻይ ማፍያው ከሰል ላይ ጣልሁት። ፍሬዎቹ ትንሽ ተንጣጡና ጠፉ።

ዘሩን የለቀምነው ወደ ዲሜዎች አገር በሚወጣው ተረተር ላይ ነው። የክትክታ ፍሬ ሁለት ወይም ሦስት ክንፍ ያለው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ከረጢት ነው፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ቀላ ያለ ይሆንና ሲደርስ ቡናማ ይሆናል። ነፋስ ሳይወስደው በዚያ ጊዜ መልቀም ያስፈልጋል። ከዛፎቹ ብዙዎቹ ወንድ ወይም ሴት ብቻ ስለ ሆኑ፣ ምንም ያህል የሚያምር ቍጥቋጦ ቢያዩ ፍሬ ላያገኙበት ይችላሉ። ከረጢቱን በመዳፋችን ስናሸው ጥቃቅን ጥቁር ዘር ወጣ። ውኃ አፍልተን፣ ከእሳት አውርደን፣ ዘሩን ጨምረን አንድ ሌሊት አሳደርነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ያለዚህ ቶሎ አይበቅልም። በጥቅምት መጨረሻ 2016 ዓ.ም. አፈር፣ ፍግና አሸዋ ቀላቅለን በሞላናቸው ሰባት መቶ የፕላስቲክ ከረጢቶች ዘራነው። በሦስተኛው ሳምንት መብቀል ጀመረ። እኔ ልጅ የተወለደልኝ ያህል በየጧቱ እየሄድሁ እቈጥር ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ ዞናችን ወደ አዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ስለ ተጠቃለለ፣ በመሥሪያ ቤቱ ያለው ወሬ ሁሉ ስለ ማኅተምና ስለ ደብዳቤ አርማ መለወጥ ነበር። በዚህም ምክንያት እኔና ዘበኛው በችግኙ ላይ የምንሠራውን የሚቈጣጠር አልነበረም፤ ለችግኙም ለእኛም በጀን።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እንዳራሰው ለመትከል ገመድ ወጠርን። ሁለት ረድፍ ሆኖ፣ በችግኝና በችግኝ መካከል አርባ ሳንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው ረድፍ ችግኝ በፊተኛው ክፍተት ትይዩ እንዲውል አሰብን። በዚያች ቀን ነው ነገሩ ሁሉ መልኩን የለወጠው።

ከግቢያችን በስተምሥራቅ በኩል ያለውን ጥግ አቋርጦ ወደ ውኃው የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። ሴቶች ጀሪካን ይዘው፣ እረኞችም ከብት እየነዱ ያልፉበታል። በካርታው ላይ መንገድ የለም፤ ጥጉም የግቢያችን ይዞታ ነው። የእሾህ አጥር ባለበት ዘመን መንገዱ በየዓመቱ ጥቂት ወር ይዘጋና፣ ምስጡ ሥራውን ሲጨርስ እንደ ገና ይከፈት ነበር። ገመዱን ስንወጥር አንድ የቦዲ ሰው ከትንሽ ልጁ ጋር ከብቶቹን እየነዳ መጣና ቆመ። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ከዚያ ቋንቋውን በሚያውቅ በአንድ ወጣት ባልደረባችን አማካይነት፣ «ይህ ገመድ መቼ ይነሣል?» ብሎ ጠየቀ።

«ገመዱ ዛሬ ማታ ይነሣል፤ ችግኙ ግን ይቀራል፤» አልሁት።

«ይህን ምስጥ ይበላዋል?»

«አይበላውም። ሕያው ነው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። «እሾሁን ምስጥ ይበላልን ነበር፤» አለና ከብቶቹን መልሶ በሩቁ መንገድ ነዳቸው።

እኔ የዚህን አጥር ጥቅም ለኃላፊያችን ስዘረዝር ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁት ምስጥ የማይበላው መሆኑን ነበር። ያው ቃል በዚያ ሰው አፍ ሲነገር ሌላ ነገር ሆነ። ገመዱን ለጊዜው ቈርጬ፣ በመንገዱ ላይ የአራት ሜትር ክፍት ትቼ የቀረውን አስተከልሁ።

ኃላፊያችን ሲያዩት አልወደዱትም። «በሩ ከዋናው በር ሌላ ከሆነ ምኑን አጥር ሆነ? ሙላው!» አሉኝ። ያቀረብሁት ምክንያት በጽሑፍ ያልተደገፈ፣ በካርታም የማይታይ መንገድ ስለ ሆነ አልተቀበሉትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ አልተከራከርሁም፤ ታዘዝሁና ሞላሁት። በሦስተኛው ጧት ስንነሣ በክፍቱ ላይ ከተተከሉት ችግኞች ሃያው በከብት ኮቴ ተረግጠው ከመሬት ጋር ተለጥፈዋል።

ኃላፊያችን የከብቱ ባለቤት ተፈልጎ በቀበሌው በኩል ካሣ እንዲከፍል አዘዙ። ለዚህም የጉዳቱን መግለጫ መጻፍና መፈረም የንብረት ክፍል፣ ማለት የእኔ፣ ሥራ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ከብቱ የማን እንደ ሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ልገምት ግን እችል ነበር። የሚፈለገውን መጻፍ ቀላል ነው፤ አምስት መስመር አይሞላም። በመጨረሻ የጻፍሁት፣ «ሃያ ችግኞች ተረግጠው ጠፍተዋል። ችግኞቹ የተተከሉት ከብትና ሰው ከዚህ በፊት ሲመላለስበት በቈየ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የተከልኋቸውም እኔ ይህን እያወቅሁ ነው፤» የሚል ነበር። ፈርሜ አስገባሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሃያ ችግኝ ዋጋ ከደመወዜ ተቈረጠ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ክፍቱን እንደ ገና ሙላ ያለኝ ግን አልነበረም፤ ጥፋቱ በእኔ ስም ከተመዘገበ በኋላ ነገሩን እንደ ገና ማንሣት ለማንም የሚመች አልሆነም መሰለኝ።

አሁን ስለ አያያዙ ትንሽ ልናገር። ችግኙ ከጕልበት በላይ ሲደርስ ራሱን ሲሶ ያህል ቈረጥሁት። ኃላፊያችን ይህን አይተው፣ «እንዲያድግ ተክለህ ትቈርጠዋለህ?» ብለው ተገረሙ። ካልተቈረጠ ወደ ላይ ብቻ ይመዝና ከሥሩ ባዶ ይሆናል፤ ሲቈረጥ ግን ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዋናው ምሥጢር ግን ቅርጹ ነው። አጥሩ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ማለት አለበት። ተገልብጦ ከላይ የሰፋ እንደ ሆነ የታችኛው ቅጠል ፀሐይ አጥቶ ይሞታል። ክትክታ ከፕሪቬት የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። ፕሪቬት እስከ ጉቶው ቢቈረጥ ያቈጠቍጣል፤ ክትክታን ግን አንድ ቀን በችኮላ ቅጠል እስከሌለበት ደረቅ ግንድ ድረስ ገብቼ ብቈርጠው ያ ቦታ እስከ ዛሬ አልሞላም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መከርከም ያስፈልገዋል።

የአጥር መቀስ በሃና አይገኝም። ዲሜዎች ግን ብረት በማቅለጥና በመቀጥቀጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ስለ ሆኑ፣ ዘበኛችን በዘመዶቻቸው አገር ከሚሠራ አንድ ባለ እጅ ረጅምና ስስ ስለት ያለው ገጀራ አሠርተው አመጡልኝ። በእርሱ ከታች ወደ ላይ እየመታሁ ስቈርጥ፣ ከመቀስ የማይተናነስ ቀጥተኛ መስመር ይወጣል። በስለቱ ላይ የሚጋገረውን ሙጫ በአመድ ማሸት ይበቃል።

ፍየሎች ከሙጫው የተነሣ አንድ ጊዜ ቀምሰው ትተውታል። ያው ሙጫ ግን ሌላ ሥጋት ያመጣል፤ ክትክታ እርጥቡም ቢሆን ይነዳል። በበጋ ሣር በሚቃጠልበት በእኛ አገር ይህን መርሳት አይገባም። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ሜትር ያህል ሣሩን አጭደን መሬቱን ባዶ እናደርጋለን። ደረቅ ሣር ከግንዱ ሥር ማልበስንም ትተናል፤ እርጥበት ይጠብቃል ብለን ብንጀምረው ምስጥ ጠርቶብን ነበርና። አቧራም አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማት ወደ አካባቢው ከገባ ወዲህ ከባድ መኪና በመንገዱ አይታጣም፤ ቅጠሉም የሚጣበቅ ስለ ሆነ አቧራውን ይሰበስባል። እስከ ዝናቡ ድረስ አጥራችን አረንጓዴ ሳይሆን የመንገዱን መልክ ይዞ ይከርማል። ኃላፊያችን ይህን አልወደዱትም፤ በቱቦ ውኃ ይታጠብ የሚል አሳብም አቅርበው ነበር። ሴቶች ለአንድ ጀሪካን ውኃ ያን ያህል መንገድ በሚሄዱበት ቦታ ቅጠል ማጠብን ግን እርሳቸውም ሲያስቡበት ተዉት።

ዛሬ አጥሩ ደረቴ ይደርሳል። ለእሾህ ግራር መቍረጥ ከቀረ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ በመዝገቤም ላይ አጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እያረጀ እንደሚሄድ ንብረት ተጽፎ ይገኛል። በምሥራቁ ጥግ ያለው ክፍት እንዳለ ነው። በክፍቱ ግራና ቀኝ ያለውን ጫፍ እኔ ከርክሜው አላውቅም። ከብቶቹ ሲያልፉ ጎናቸውን እያሹበት ለስልሶና ተስተካክሎ አድጓል፤ ከእኔ ገጀራ ሥራ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባለፈው ወር እኅቴ ደውላ ያመጣችልኝ ዘር በቅሎ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ማቃጠሌን ነገርኋት። ለጊዜው ዝም አለች፤ ቅር እንዳላት አውቄአለሁ። ከዚያ፣ «እንግዲያውስ የተከልኸውን ፎቶግራፍ አንሥተህ ላክልኝ፤» አለችኝ። በማግሥቱ ገና ፀሐይ ሳይበረታ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት በክፍቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ ሁለቱም ረድፍ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ሳነጣጥር ግን ያ የቦዲ ልጅ፣ ዛሬ ከአባቱ ትከሻ የደረሰው፣ ከብቶቹን እየነዳ ደረሰ። አንድ ትልቅ ቡሬ በሬ ከክፍቱ መካከል ቆመና ጎኑን በክትክታው ያክ ጀመር። ልጁም አልነዳውም፤ እኔም አላባረርሁትም። እንደዚያው አንሥቼ ላክሁላት።

ማታ ላይ መልሷ ደረሰኝ። «በሬው ያምራል። አጥሩስ?» ይላል።